ባለገመዷን አትጠግንልኝ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም.

ውድ ሙሐሲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤ ሲጻፍ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ይጀመራል። እኔ አልጀምርም። ደህና ብንሆንማ ስልክ እጄ ላይ እያለ እስክሪብቶ ፍለጋ ቤት ለቤት ባልዞርኩ።

በስልክ ካንተ ጋር ማውራት አቅቶኛል። ስትደውል ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይሉኛል፣ አንተም ሰላምታህን ሳትጨርስ «መኪናዋስ?» ትላለህ። እኔ «አለች» እላለሁ። ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። የጎረቤታችን የታደለ እህት የሻለም ሥራ አግኝታ ወደ አንተው ወደ ሻርጃ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ሰጥቻታለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው። እነዚያ አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ፊት እንዳትከፍተው።

ባለፈው ሳምንት ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «አሠሪዬ ዋናውን ባትሪ አዲስ ሊያስመጣልኝ ተስማማ። በምትኩ ሁለት ዓመት እፈርምለታለሁ፤ ረመዳን ሳይገባ እንጨርሳለን። አባባ ይወዷት ነበር፣ ለእሳቸው መታሰቢያ ትሁን ብዬ ነው» አልከኝ። በደስታ ነበር የምታወራው። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «ማሻአላህ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አለ። እኔም ኢንሻአላህ ብዬ ስልኩን ለአክስትህ ሰጠሁና ጓዳ ገባሁ። አልቅሻለሁ፤ ግን የተናደድኩት ይበልጣል።

እንዳትፈርም ነው የምጽፍልህ። አንተ የምታውቀው የላክሃትን መኪና ነው። እኛ ጋ የኖረችውን አታውቃትም። አባባ እንዴት እንደሞቱም አታውቅም። አልጋቸው ላይ አልሞቱም፣ ሙሐሲን። እዚያችው መኪና ውስጥ ነው የሞቱት።

አሁን ቁጭ በል። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አባባ የሚያፍሩበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የቅሬው ተራ። መቼም አልረሳኸውም፤ ቅሬያችን ሰው ሲሞት እንደሚቀብር ሁሉ ሰው ሲታመምም በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ያደርሳል። ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይወጣል፤ እስላም ክርስቲያን አይባልም። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ደሳለው ዋርካው ሥር ቆመው ስም ይጠራሉ። «የመሐሙድ ቤት!» ሲሉ አባባ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው «አቤት!» ብለው ይወጡ ነበር። ሰዎቹ «እርስዎ እንኳ ይቅርብዎ» ሲሏቸው ይብስ ይከፋቸዋል። በኋላ ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ አለና የቀን ሠራተኛ እየቀጠሩ መላክ ጀመሩ። ተቀጣሪ የላኩ ዕለት እህል አይቀምሱም። «ወንድ ልጅ ወልጄ በሰው ትከሻ» ይላሉ ለብቻቸው፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው።

እንዲህ ሆነን ነው መኪናዋ የመጣችው። ታደለ ከአዲስ አበባ እየነዳ ይዟት ሲገባ መንደሩ እንዳለ መንገድ ላይ ወጣ። ወንበሯ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም። ድምፅ የላትም! ከብቶቹ ሳይሰሟት መሀላቸው ገባች፤ እረኛው ሊሞት ነበር በድንጋጤ። ታደለ ከኋላ ያን ወፍራም ገመድ አውጥቶ «ይህች በመብራትም ትሄዳለች፣ በቤንዚንም ትሄዳለች» ሲል ሰዉ ጉድ አለ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስሟ ባለገመዷ ሆነ። ፋብሪካው ያወጣላትን ስም የሚያውቅ እዚህ የለም።

አባባ ግን ገመዱን አላዩም። ቀጥ ብለው ሄደው የኋላውን በር ከፈቱ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ ቀስ አድርገው ዘጉት። ምን እንደፈለጉ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። አንተ ትኖራለህ ብለው ነበር፣ ሙሐሲን። ልታስደንቃቸው ብለህ ወንበሩ ላይ ተኝተህ የተደበቅህ መስሏቸው ነበር።

ወዲያው ፊታቸውን መልሰው ሳቁ። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጋሽ ደሳለውም ብድግ ብለው «ከዛሬ ጀምሮ የመሐሙድ ቤት ከቃሬዛ ነፃ ነው፤ ተራው መኪናዋ ናት፤ የታመመ ሲኖር እሷ ትወጣለች» አሉ። ሰዉ እልል አለ። አባባም እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አድርገው «የሙሐሲን ትከሻ መጣ» አሉ። ወላሂ ያን ቀን ወጣት ሆነው ነበር። ካንተ መሄድ ወዲህ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

የቃሬዛው አጣናዎች ለሰርግ ዳስ ተወሰዱ። ዳሱ ሲፈርስ ማን እንደወሰዳቸው የጠየቀም የለም። ምን ያደርጉልናል ተባለ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበረች፤ እውነቱን ልናገር። ድንቅነሽን ምጥ የያዛት ዕለት ደም ሳይፈሳት አድርሳታለች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እጁን ወፍጮው የቆረጠው ጊዜም ታደለ በባለገመዷ አድርሶት ተርፏል። ጋሽ ደሳለው ስም ሲጠሩና «የመሐሙድ ቤት!» ሲሉ አባባ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «አቤት! መኪናዋ አለች!» ይሉ ነበር። ይህን ለማለት ሲሉ ብቻ ማንም ሳይታመም ስም ቢጠራ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ አላህ ይማራቸው።

ከዚያ ክረምት ገባ። እኛ ጋ መብራት እንዴት እንደሆነ መቼም ነግሬሃለሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል ሲያሻው ይሄዳል። ገመዷን ስንሰካ የመንደሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ ያ ነፍሱን ያተረፈችለት፣ «ባለገመዷ ስትበላ የኔ ወፍጮ ጦሙን ያድራል» ብሎ አጥራችን ድረስ መጥቶ ተጣላን። አንድ ማታ ነጎድጓዱ ሲያጓራ ከትራንስፎርመሩ ጧ! የሚል ተሰማ። መብራቱ ጠፋ። በማግስቱ ታደለ ሊያስነሳት ሲገባ መሪው ፊት ለፊት ባለው መስታወት ላይ አንዲት ትንሽ ኤሊ በርታ አየ።

ኤሊዋን አንተ ነህ በስልክ ያስረዳኸን። «ኃይል አጥሮኛል፣ በዝግታ ንዱኝ ማለቷ ነው» አልከን። ኤሊዋ ከበራች መኪናዋ ትንፏቀቃለች፣ ትንፏቀቅና ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቤንዚን ሞልታ! አጥፍተሃት ስታርፍ፣ አንዳንዴ ቶሎ አንዳንዴ ቆይታ፣ ምንም እንዳልነበረ ትነሳለች። «አርፋ ትነሳለች» የቤታችን ቋንቋ ሆነ። አባባ ሰው ሲያማት «ሰውም ይደክመዋል፣ እንኳን ብረት» ብለው ይቆጡ ነበር።

ደሴ ወሰድናት። ንጉሡ የሚባል መካኒክ ጎበዝ ነው ተብለን እሱ ጋ ገባን። ኮፈኗን ከፈተ፣ እነዚያን ብርቱካናማ ሽቦዎች አየ፣ መልሶ ዘጋው። «ወንድሜ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለው ታደለን። ከጎረቤት ጋራዥ ያሉትን ጠርቶ ሽቦውን ከሩቅ አስጎበኛቸው፤ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው አዩት። መጨረሻ ላይ ትንሿን ባትሪ ነቅሎ መልሶ ሰካት። ኤሊዋ ጠፋች! አመስግነን፣ ደስ ብሎን ተነሣን። አቀስታ ሳንደርስ በራች።

ታደለ ብቻውን መልሶ ሲወስዳት ንጉሡ ሳቀ። «ችግሯ ምን መሰለህ» አለው ታደለን፤ «የቤንዚኑ ሞተር መብራቱን ይጠብቃል፣ መብራቱ ደግሞ ሞተሩን ይጠብቃል። ሁለት ሚስት እንዳለው ሰውዬ ናት፤ አንዷ እሷ ጋ በልቷል ትላለች፣ ሌላዋም እንደዚያው፣ እሱ ጦሙን ያድራል።» ታደለ ሲነግረኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አላሳቀኝም።

አዲስ አበባ በአይሱዙ ጭነን ላክናት። እዚያ ያሉት ደግሞ «ይህች የዱባይ ናት፣ ኮምፒዩተራችን አያውቃትም» አሉ። ታደለ ለምኖ አስመረመራት። ሊያውቃት የሚችለውን ነገር ከኢንተርኔት ማውረድ አለብን አሉ፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያኔ ተዘግቷል። «ኔት ሲለቀቅ ኑ» ተባለ። እስኪለቀቅ ግቢያቸው ውስጥ ቆመች፤ ታደለ ዘመድ ቤት እየተንገላታ ጠበቃት። ሲለቀቅ አወረዱ፣ ጫኑ፣ ኤሊዋ ጠፋች፣ «አሁን አዲስ ናት» ብለው ሰጡት። ደብረ ብርሃንን አለፈ፣ ኮምቦልቻን አለፈ፣ ደሴን አለፈ። ጉጉፍቱ ብርዱ ላይ በራች።

ከዚያ ያንተ ዕቃ መላክ መጣ። ባትሪውን የምታቀዘቅዘው ፓምፕ ናት አልክ፤ ላክህ። የአምናዋ ሞዴል ሆነችና አልገጠመችም። ሌላ ላክህ፤ ገጠመች፣ ግን የመሰኪያዋ ጥርስ በመንገድ ተሰብሮ ነበር። ታደለ በማጣበቂያ ሊያያይዛት ሲሞክር አንተ በኢሞ ትጮህበታለህ፣ «ሽፋኑን ክፈተው፣ ፊውዙን ንቀለው፣ ያኛውን አይደለም!» እሱ ስልኩን ሞተሩ ላይ ይደቅንልሃል፤ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ አንተ አፍህ እንደተከፈተ ትቀራለህ። ፊትህን የማየው እንደዚያ ነው፣ ሙሐሲን። በታደለ ጀርባ በኩል ተንጠራርቼ። አንድ ቀን ስልኩን ተቀብዬ «ከስተሃል» ስልህ «ታደለን ስጪኝ፣ ኔቱ ሳይጠፋ» አልከኝ። ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቅሬው ቃሬዛ አልነበረውም። ጋሽ ደሳለው አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ጠብቀው «መሐሙድ፣ ለማንኛውም አጣና እናስቆርጥ፤ ቃሬዛ ቢኖር ምን ይለናል» አሏቸው። አባባ ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። «ልጄን አላመናችሁትም ማለት ነው?» አሉ። «ኧረ በጭራሽ!» አሉ ጋሽ ደሳለው። ነገሩ በዚያው ቀረ። ማንም ደግሞ አላነሳውም። ይሉኝታ ነው። አባባ እንዳይከፋቸው ብሎ አገር ያለ ቃሬዛ ከረመ። ስም ሲጠራ እሳቸው «መኪናዋ አለች» ይላሉ፤ ሰዉ አለመኖሯን እያወቀ ቀና ብሎ አያያቸውም።

ያ ቀን ጥር ላይ ነው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትንፋሽ አጠራቸው። ደረታቸውን ይዘው በሩ መድረክ ላይ ተቀመጡ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። አምቡላንስ ደወልኩ፤ ወላድ ይዛ ደሴ ሄዳለች አሉኝ። ባጃጅ ደወልኩ፤ በዚያ ሳምንት ነዳጅ ጠፍቶ ሁሉም ቆመዋል። ባለገመዷ ግን ያ ፓምፕ ከተጣበቀላት ወዲህ ኤሊዋ ጠፍታላት ሰንብታ ነበር። ታደለ እየሮጠ መጣ፤ ከኋላ አስገባናቸው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስንነሣ ደህና ነበረች። «አየሽ» አሉኝ አባባ እየተነፈሱ፣ «እንዴት እንደምትሄድ አየሽ?»

የዝግባው ዳገት ወገቡ ላይ ኤሊዋ በራች። ታደለ «አይ፣ አይ፣ አይ፣ ዛሬ እንኳን!» ሲል ሰማሁት። ተንፏቀቀች፣ ተንፏቀቀችና ቆመች።

ሰዉ እንዴት እንደደረሰ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ አገርህን። ታደለ አንድ ቦታ ቢደውል ከየማሳው ሮጠው መጡ። ጋሽ ደሳለው በዚያ ዕድሜያቸው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ቃሬዛ የለም። ከዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሁለት አጣና ቆረጡ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው መሀሉ ላይ ቋጠሩት። ወላሂ ፈጠኑ። ያኔውኑ አንሥተዋቸው ቢሄዱ ይደርሱ ነበር። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን የተሸከመ ሰው ሁሉ ይልሃል።

ጋሽ ደሳለው በሩን ከፍተው «መሐሙድ፣ ና ውጣ፤ ትከሻ አለን» አሉ።

«አልወጣም» አሉ አባባ። «አርፋ ትነሳለች።»

«ኧረ በፈጠረህ! አሁን የመኪና ነገር ነው?»

«የልጄ መኪና ውስጥ ሆኜ በቃሬዛ ብሄድ ነገ ምን ይባላል? 'ሙሐሲን ለአባቱ ብረት ላከለት' ይባላል። የልጄን ስም አላስነሳም። ዝጉት በሩን፣ ብርድ ገባ።»

ለመንኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፣ ሙሐሲን። ታደለ አለቀሰ፤ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ በእኔ ያሳብቡ» አላቸው። «ዝም በል፣ አልተበላሸችም» አሉት። ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው መንገዱ ላይ ቆሙ። ማን ይጎትታቸው? አንቱ የሚባልን ሰው፣ ለዚያውም መሐሙድን፣ እጁን ይዞ ከወንበር የሚጎትት በእኛ አገር አልተወለደም። ጋሽ ደሳለው እንኳ፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ሁለቴ እጃቸውን ዘርግተው ሁለቴም መለሱት። ጠበቅን። መኪናዋ ታርፍ ዘንድ አርባ ሰው ዳገት ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከሆነ ጊዜ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈርሂያ፣ መኪናዋን የምጠብቅ መሰለሽ?» አሉኝ።

«እና ማንን ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኋቸው እንጃ፤ አውቀው የለ።

በመስኮቱ ቁልቁል መንገዱን አዩ፤ ያን ጊዜ ታደለ ይዟት ብቅ ያለበትን። ከዚያ መተንፈሳቸው ይቆራረጥ ጀመር። ሸሃዳ አስባልኳቸው። ጋሽ ደሳለው ከውጭ ፊታቸውን አይተው «በቃ! በግድ አውጡት!» ብለው ሲጮኹ አልፎ ነበር።

ታደለ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ነው መሰለኝ፣ ሄዶ ከመሪው ኋላ ተቀመጠና ማስነሻውን ተጫነው። መስታወቱ በራ። ኤሊዋ የለችም። መኪናዋ ያለ ድምፅ ንቅንቅ አለች። ወንዶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ «አስተግፊሩላህ» ሲል ሰማሁት። አዙረናት ወደ ቤት ተመለስን፤ አባባ ትከሻዬ ላይ እንዳሉ። ያን ቀን አስከሬናቸውን ስታመጣ አንዴም አልቆመችም።

የዚያን ዕለቱኑ ቀበርናቸው። ከዚያ ጋሽ ደሳለው ሰዉን ሰብስበው «ለልጁ እንዲህ ብላችሁ እንዳትነግሩት። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ተሸክሞ አይችለውም። አልጋው ላይ በሰላም ሄደ በሉት» አሉ። መርዶውን ሊነግሩህ የመጡት የአገራችን ልጆችም የሰሙት ያንኑ ነው። በክፉ አላደረጉትም፤ አዝነውልህ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ልል ወስኜም ነበር፣ እውነቴን ነው። አንተ ግን እሷን ለማስነሳት ሁለት ዓመት ልትፈርም ነው፤ በአባባ ስም። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

አንተ ገደልካቸው አላልኩም። እንደዚያ ብለህ ካነበብከው ተሳስተሃል፣ እንደገና አንብበው። መኪናዋን በክፉ አልላክሃትም፤ ላብህን ነው የላክኸው። በዚያ ፀሐይ ስንት መኪና ስታጥብ እንደዋልክ አላህ ያውቃል። ግን እኛ ልጅ ስንል ነበር፣ አንተ መኪና ላክህ። መኪናዋ ስትበላሽ ፓምፕ ላክህ። ፓምፑ አልገጥም ሲል ሌላ ፓምፕ። አሁን ደግሞ ባትሪ። በየመሀሉ አንድ ጊዜ እንኳ «ልምጣ?» ብለህ አልጠየቅህም። እኔም ና አላልኩህም። ሚስት ባሏን ከሥራው ና አትልም፣ ከሰው በታች ታደርገዋለች ይባላል ብዬ። ያው ይሉኝታ ነው፤ እኔንም ይዞኛል።

ቅሬው አዲስ ቃሬዛ አሠርቷል። ጋሽ ደሳለው ራሳቸው አጣናውን መርጠው፣ ጠፍሩን አስወጥረው። የእኛ ቤት ነፃነት ቀርቷል፤ ተራችን እንደ ድሮው ትከሻ ነው። ትከሻ ግን የለንም። ታደለ የራሱንም የእኛንም ተራ ሲሸከም ከረመ፤ እሱም የራሱ ቤት አለው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ታሞ ስም ሲጠራ አጥራችን ውስጥ ነበርኩ። ዋርካው ቅርብ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። ቤት ለቤት ሲጠሩ ቆይተው ጋሽ ደሳለው «የመሐሙድ...» ብለው አቆሙ። «ተዉት፣ እዚያ ቤት ሰው የለም» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። አዝነውልን ነው እኮ! ተራ ቀራችሁ ብለው እንዳይቀጡን ነው። ሱሀይላ፣ ልጅህ፣ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር ብላ «እማ፣ እኛ የለንም እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አንተ ምን ትላት ነበር?

በነጋታው ነጠላዬን ለብሼ ጋሽ ደሳለው ቤት ሄድሁ። «ስማችንን እንዳይዘሉት» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማን ይመልሳል?» አሉኝ። «ሙሐሲን» አልኳቸው። «መቼ?» አሉ። «ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ለአረፋ እዚህ ነው» አልኳቸው። ደጋግመው አዩኝ። ከዚያ «እሺ፤ እስከ አረፋ ታደለ ይሸከምላችሁ። ከአረፋ በኋላ ግን እጠራዋለሁ» አሉ። እንግዲህ ሳልጠይቅህ ቃል ገብቼብሃለሁ። ብትቆጣ ተቆጣ፤ እዚህ መጥተህ ተቆጣ።

ባለገመዷ ጓሮ ቆማለች። ታደለ ለዕቃዋ ብሎ የሚገዛት ሰው ደሴ አግኝቷል፤ ትሂድ ብየዋለሁ። ገመዷን ብቻ ጎረቤት ለልብስ ማስጫ ለምኖኝ ሰጥቻለሁ። ይህንንም ሳልጠይቅህ ነው ያደረግሁት። ባትሪውን አትግዛ፣ ወረቀቱን አትፈርም። አባባን ልታስታውሳቸው ከፈለግህ በባትሪ አይታወሱም።

ናፍቀኸኛል። ተናድጄብሃለሁም። ሁለቱም እውነት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አትጠይቀኝ፣ ቀን ቀን ይለያያል። ባዶ እጅህን ብትመጣ ማንም አይስቅብህም፤ የሚስቅ ካለም እኔ አለሁለት።

ከአረፋ በኋላ አንድ ቀን ሰው ይታመማል፤ መቼም አይቀርም። ጋሽ ደሳለው ዋርካው ሥር ይቆማሉ፣ ከላይኛው ሰፈር ጀምረው ይጠራሉ፣ ወደ እኛ ይደርሳሉ። እኔና ሱሀይላ አጥሩ ጋ ቆመን እንሰማለን። «የመሐሙድ ቤት!» ሲሉ፣ ሙሐሲን፣ አቤት የሚል ሰው ይኑር።

ሚስትህ ፈርሂያ